በየትኛው ቁና ተሰፈርን?



የመጀመሪያው ሴሚስተር ግሬድ በተለቀቀ ሰሞን ከዒሻ ሰላት በኋላ የሚሰማው ወሬ አንድ ነው። የጉና ብርድ ጋቢ አስደርቦን ወደ ዶርም ስንመለስ ስልክ ያልያዘ ፍሬሽ የለም። አንዱ ሌላ ክልል ለተመደበ የሰፈሩ ልጅ ይደውላል፤ ሌላዋ በቴሌግራም ከድሮ የክፍል ጓደኞቿ ጋር ነጥብ ትለዋወጣለች። ጥያቄው ሁሉ «ስንት አመጣህ?»፣ «ስንት አመጣሽ?» ነው። መልሱ ከተሰማ በኋላ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ደግሞ ዝም ይላል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ከእነዚያ ዝም ካሉት የአንዱ ጉዳይ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ናቸው፤ የደቡብ ጎንደር ገጠር ልጆች። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተማሩ፤ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም በጥቂት ነጥብ ብቻ ተለያይተው ወደ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተመደቡ። የእኛው ወንድም 2.9 አመጣ፤ ጓደኛው 3.6። ወሬው ከልጆቹ ቀድሞ መንደር ገባ። አባቱ ደውለው የጠየቁት ስለ ጤናውም ስለ ብርዱም አልነበረም፤ «አብራችሁ አድጋችሁ እንዴት እንዲህ በለጠህ?» ነበር ያሉት። ወንድማችን ከዚያ በኋላ ከደርስ ቀረ፣ ከሰው ራቀ፤ ትምህርቱን ትቶ ወደ ቤቱ ለመመለስም አስቦ እንደነበር የነገረን ዘግይቶ ነው።

ያ ልጅ በእርግጥ ተበልጦ ነበር? እኛም አናውቅም፤ አባቱም አያውቁም። ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ምክንያቱም ሁለቱ የተሰፈሩበት ቁና አንድ መሆኑን ያረጋገጠ የለም። ገበያ የወጣ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፦ እህል «ስንት ቁና ነው?» ከማለት በፊት «በየትኛው ቁና?» ይባላል። የየገበያው ቁና ይለያያል፤ ያው ቁና ራሱ ተቆልሎ ሲሰፈርና ተልጎ ሲሰፈር አንድ አይደለም። ጂፒኤ ላይ ስንደርስ ግን ይህን የአባቶቻችንን ጥንቃቄ እንረሳዋለን።

እስኪ ሚዛኑን ራሱን እንመልከተው። ዛሬ በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት ስኬል እንዲህ ነው፦ 90 እና ከዚያ በላይ ኤ ፕላስ፣ ከ85 እስከ 90 ኤ ይባላል፤ ሁለቱም 4.0 ይቆጠራሉ። ከ80 በላይ ኤ ማይነስ 3.75፣ ከ75 በላይ ቢ ፕላስ 3.5፣ ከ70 በላይ ቢ 3.0፣ ከ65 በላይ ቢ ማይነስ 2.75፣ ከ60 በላይ ሲ ፕላስ 2.5፣ ከ50 እስከ 60 ደግሞ ሲ 2.0 ነው። ከዚህ የምናያቸው ነገሮች አሉ። 74 ያመጣና 75 ያመጣ ተማሪ በአንድ ማርክ ይለያያሉ፤ በነጥብ ግን ልዩነታቸው ግማሽ ነው። 50 ያመጣና 59 ያመጣ በዘጠኝ ማርክ ይለያያሉ፤ በነጥብ ግን አንድ ናቸው። 85 እና 100ም እንዲሁ።

አንድ ቀላል ስሌት እንጨምር። ክብደታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ኮርሶች አሉ እንበል። አንደኛዋ ተማሪ በሁለቱም 74 አመጣች፤ ሁለት ቢ፣ ጂፒኤ 3.0። ሁለተኛው ተማሪ በአንዱ 75፣ በሌላው 60 አመጣ፤ ቢ ፕላስና ሲ ፕላስ፣ ጂፒኤው አሁንም 3.0። የአንደኛዋ አማካይ ማርክ 74፣ የሁለተኛው 67.5 ነው። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ስኬል፣ በአንድ ሪጅስትራር ሥር ያሉ ተማሪዎች እንኳ እንዲህ ከሆኑ፣ በሁለት ግቢ ያሉትንማ ምን እንላለን?

ስኬሉ በወረቀት ላይ አንድ ቢሆንም አሰፋፈሩ አንድ አይደለም። አንዱ መምህር ማርኩን እንዳለ ወስዶ በስኬሉ ይፈርጃል፤ ተማሪዎች «ፊክስድ» የሚሉት ነው። ሌላው የክፍሉን ውጤት ደርድሮ ከላይ ያሉትን ኤ፣ መካከለኞቹን ቢና ሲ ያደርጋል። በዚህኛው አሠራር ደካማ ክፍል ውስጥ 68 ያመጣ ኤ ሊያገኝ ይችላል፤ ጎበዞች በተሰበሰቡበት ክፍል ደግሞ 80 ያመጣ ቢ ይዞ ይወጣል። ምዘናውም እንዲሁ ነው። አንዱ ሴክሽን በየሳምንቱ ኲዝ ይፈተናል፣ ሚዱም ከባድ ነው። ሌላው ሴክሽን ያንኑ ኮርስ እየተማረ ከግማሽ የሚጠጋውን ማርክ ከቡድን አሳይመንት ይሰበስባል፤ ከቡድኑ ውስጥ የሠራው አንድ ሰው ቢሆንም ማርኩ ለሁሉም ነው። በትራንስክሪፕቱ ላይ የሁለቱም ኮርስ ስም፣ ኮድና ክብደት አንድ ነው።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም፤ አገር ያየው ማስረጃ አለ። የመውጫ ፈተና ከዚያ በፊት በሕግና በአንዳንድ የጤና ሙያዎች ብቻ ይሰጥ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በሙሉ ተሰጠ። ማለፊያው 50 በመቶ ነበር። ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት ደግሞ 17 በመቶ ገደማ ሆኑ። እነዚያ ተማሪዎች ሁሉ በየተቋማቸው ሚዛን ኮርሳቸውን አልፈው እዚያ የደረሱ ናቸው። ብዙዎቹ ቤተሰብ ጋዋን አዘጋጅቶ፣ በግ አስቦ ይጠብቃቸው ነበር። በተቋሙ ቁና ሙሉ የነበረው በአንድ የጋራ ቁና ሲሰፈር ጎደለ።

ይህን የምንለው በግል ተቋም የተማሩትን ለመናቅ አይደለም። ከእነርሱ ብዙዎቹ ቀን ሠርተው ማታ የተማሩ፣ ከደመወዛቸው ቆርሰው የከፈሉ ናቸው። የተበደሉትም እነርሱ ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ «ደህና ነህ» እየተባሉ ቆይተው በመጨረሻዋ ቀን «ደህና አይደለህም» ተባሉ። የመንግሥት ተቋማትም ቢሆኑ ከአሥር ተፈታኝ ወደ አራት የሚጠጉት መውደቃቸውን ማሰብ አለብን፤ የምንኩራራበት ነገር የለም።

ወደ ታች ስንወርድም ያው ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ከእነዚህ ተፈታኞች አብዛኞቹ በየትምህርት ቤታቸው ካርድ ላይ «ተዛውሯል»፣ «ተዛውራለች» የተባሉ ነበሩ፤ የደረጃ ተማሪዎችም በውስጣቸው አሉ። የእኛን አካባቢ ልጆች ደግሞ እናውቃቸዋለን። ከስማዳ፣ ከእብናት፣ ከጋይንት የመጣው ወንድማችን መጽሐፍ ለብዙዎች እየተጋራ፣ ቤተ ሙከራ የሚባል ሳያይ የተማረ ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በነበረው ግጭት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉም ከእርሻና ከከብት ጋር የቆየው እርሱ ነው። ያ ልጅ እዚህ ደርሶ ያመጣት 2.9 ምን ያህል መንገድ እንደተጓዘ አትናገርም። ቁጥሩ የቆመበትን ቦታ እንጂ የተነሣበትን አያሳይም።

ከአገር ስንወጣም ነገሩ ይብሳል። ጀርመን ውስጥ ምርጡ ውጤት 1.0፣ ዝቅተኛው ማለፊያ 4.0 ነው፤ የእኛ የክብር ቁጥር እዚያ ለጥቂት ያመለጠ ሰው ቁጥር ነው። ብዙዎቻችን የምናመለክትበትን የቱርክ ነፃ የትምህርት ዕድል እንመልከት። ለማስተርስ አመልካቾች ዝቅተኛው መመዘኛ 75 በመቶ ነው። የቱርክ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ባወጣው የነጥብ መለወጫ ሰንጠረዥ ከ4 ነጥብ 3.00 ማለት ከመቶ 76.66 ነው። በእኛ ስኬል ግን ሁሉንም ኮርስ ቢ ያመጣ ተማሪ፣ ማለትም 3.00 ያለው፣ እውነተኛ ማርኩ በ70 እና በ75 መካከል ነው። ያው ሰው፣ ያው ወረቀት፤ በአንዱ ስሌት ከመስፈርቱ በላይ፣ በሌላው ከመስፈርቱ በታች። ስለዚህ ወደ ውጭ የምታመለክቱ እህቶችና ወንድሞች፣ ነጥባችሁን ብቻ ሳይሆን የግቢያችሁን ስኬል የሚያሳይ ማስረጃ አብራችሁ ላኩ። ስኬሉ ትራንስክሪፕቱ ላይ ካልታተመ ከሪጅስትራር ጠይቁ። «በመቶኛ ስንት ነው?» የሚለውን በራሳችሁ ግምት አትሙሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ችግር ለእኛ ለሙስሊሞች አዲስ መሆን አልነበረበትም። የሐዲስ ሊቃውንት ከሺህ ዓመት በፊት አግኝተውት መፍትሔ አበጅተውለታል። እነርሱ ሐዲስ አስተላላፊዎችን አንድ በአንድ ይመዝኑ ነበር፤ ይህ ታማኝ፣ ይህ እውነተኛ ግን የሚሳሳት፣ ይህ ደካማ እያሉ ደረጃ ይሰጡ ነበር። ደረጃ ሰጪዎቹ ግን ብዙ ነበሩ፤ ቁናቸውም ይለያያል። ያሕያ ኢብኑ መዒን ስለ አንድ ሰው «ለይሰ ቢሂ በእስ»፣ ማለትም ምንም ችግር የለበትም ካሉ ታማኝ ነው ማለታቸው እንደሆነ ራሳቸው ገልጸዋል። በኢብኑ አቢ ሓቲም አከፋፈል ግን ተመሳሳዩ ቃል ከፍተኛው ደረጃ አይደለም፤ ሐዲሱ ተጽፎ የሚመረመርለት ሰው ደረጃ ነው። ኢማሙል ቡኻሪ ደግሞ «ፊሂ ነዘር» ሲሉ ለጆሮ ለስለስ ያለ ቃል ነው፤ በእርሳቸው ዘንድ ግን ከብዱ ነቀፌታ ነው።

ታዲያ ሊቃውንቱ ምን አደረጉ? ሚዛኑ ስለተለያየ መመዘንን አልተዉም፤ ሁሉንም ቃል አንድ አድርገውም አላነበቡም። መዛኞቹን ራሳቸውን መዘኑ። ኢማሙ ዘሀቢ ሰው መዛኞቹን ጥብቅ፣ ልል እና መካከለኛ ብለው ለይተዋቸዋል። ጥብቁ ሰው ካመሰገነ ምስጋናውን አጥብቀህ ያዝ፤ ልሉ ካመሰገነ ሌላ ምስክር ፈልግ። ደረጃ ከማንበብህ በፊት ደረጃ ሰጪውን እወቅ ማለት ነው። እኛ ይህን ዒልም በደርስ ላይ እየተማርን፣ ከመስጂድ በር ስንወጣ ግን 3.6ን ከ2.9 ጋር እንደ ሁለት ኪሎ ስኳር እናወዳድራለን።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ?

መጀመሪያ ለራሳችን። ቁናው የተለያየ ስለሆነ ነጥብ ዋጋ የለውም የሚል ወንድም ይኖራል። ይህ ስንፍና የምትወደው ትርጓሜ ናት። በአንድ ክፍል፣ በአንድ መምህር፣ በአንድ ፈተና ውስጥ ያለህ ቦታ እውነት ነው፤ ከዚያ አትሽሽ። ከጎንህ የተቀመጠው 85 ሲያመጣ አንተ 52 ካመጣህ ስኬሉን አትውቀስ። የምንለው ከሌላ ግቢ ልጅ ጋር በቁጥር ብቻ አትወዳደር፣ በቁጥር ብቻም ማንንም አትናቅ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚከብድ ነው፤ ምክንያቱም እኛኑ ይነካል። ግሬድ ከመግባቱ በፊት ባሉት ቀናት በየመምህራን ቢሮ በር ላይ የሚታየው ሰልፍ ውስጥ የእኛም ልጆች አሉ። ወረቀቴ ተደምሮ ይታይልኝ ማለት መብት ነው፤ የተሳሳተ ድምር ይስተካከል፣ ያልታየ ገጽ ይታይ። ይህን ለመጠየቅ ማንም አይፈር። ነገር ግን «ሁለት ማርክ ብቻ ጨምሩልኝ፣ ቢ ፕላስ ትሆንልኛለች» ብሎ መለመን ሌላ ነገር ነው። ያላመረትነውን እህል ከቁናው ላይ ማስቆለል ነው። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚያስጠነቅቀው ለራሳቸው ሲሰፈርላቸው የሚያሟሉትን፣ ለሰው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉትን ነው። ያለ ሥራ የተጨመረልን ነጥብ ከሌላው ተማሪ የዲፓርትመንት ምርጫና የሥራ ዕድል ላይ የተወሰደ ነው፤ እርሱ ባያውቅም አላህ ያውቃል። ኩረጃም፣ በቡድን ሥራ ላይ ሳይሠሩ ስም ማስገባትም ከዚሁ ይቆጠራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ነጋዴውን የወቀሱት እህሉ ዝናብ ስለመታው አልነበረም፤ እርጥቡን ከሥር ደብቆ ደረቁን ከላይ ስላሳየ ነበር። ከላይ 3.8፣ ከሥር ባዶ የሆነ ትራንስክሪፕትም እንዲሁ ነው። የመውጫ ፈተናው እጁን ወደ ክምሩ ያስገባል።

ሦስተኛው ለመምህራኖቻችን ነው። በአክብሮት የምንጠይቀው አስቸጋሪ ነገር አይደለም። ምዘናው ምን ምን እንደሆነና አሰጣጡ በስኬል ይሁን በንጽጽር ኮርሱ ሲጀመር ይነገረን። ፈተናው ታርሞ ሲያበቃ ወረቀታችንን እንየው። ያው ኮርስ በብዙ ሴክሽን ሲሰጥ ቢያንስ ፋይናሉ አንድ ይሁን። ከባድ መምህር አንጠላም፤ የሚያስጨንቀን ያልተነገረ ሚዛን ነው።

አራተኛው ለቀጣሪዎች ነው። በብዙ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ «ጂፒኤ 3.00 እና ከዚያ በላይ» የሚል መስመር እናነባለን። በጥብቅ ዲፓርትመንት ከክፍሉ ሦስተኛ ሆኖ 2.95 ያመጣ ሰው ማመልከቻው ሳይነበብ ይወድቃል፤ በልል ዲፓርትመንት ከክፍሉ መጨረሻ ሆኖ 3.1 ያመጣ ያልፋል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮርስ ክብደት የሚቆጥሩበት ኢሲቲኤስ የተወሰደው ከአውሮፓ ነው። አውሮፓውያን ግን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያው ሥርዓት የግሬድ ስርጭት ሰንጠረዥም ይጠቀማሉ፤ ከክፍሉ ስንት በመቶው የትኛውን ግሬድ እንዳገኘ የሚያሳይ ነው። ክብደቱን ከወሰድን ሰንጠረዡንም እንውሰድ። ትራንስክሪፕታችን ላይ ከግሬዱ ጎን «ከክፍሉ ይህን ያህሉ ይህን ግሬድ አግኝቷል» የምትል አንዲት ቁጥር ብትታተም፣ የተቆለለውና የተላገው ቁና ይለይ ነበር።

«የመውጫ ፈተና ካለ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ፈተናው የጋራ ቁና በመሆኑ ጠቅሟል፤ ደግፈነዋልም። ነገር ግን የአንድ ቀን ምርጫ ጥያቄ ነርሷ በሽተኛ ፊት እንዴት እንደምትቆም፣ መምህሩ ክፍል እንዴት እንደሚይዝ፣ መሐንዲሱ ሜዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይሰፍርም። ለዚያ የአራት ዓመቱ ምዘና ያስፈልጋል። የምንፈልገው ሁለቱም እንዲታመኑ ነው።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን ጀማዓ እንናገር፤ ሌላውን ወቅሰን የራሳችንን ማለፍ አይገባም። በምረቃ ዝግጅታችን ላይ ሽልማት የምንሰጠው ሁሉንም ዲፓርትመንት በአንድ ላይ ደርድረን በጠቅላላ ነጥብ ነው። አሁን ባልነው ሁሉ መሠረት ይህ ትክክል አይደለም። ከዚህ በኋላ ሽልማቱ በየዲፓርትመንቱ ውስጥ ባለ ደረጃ እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ተነሥቶ ብዙ ላሻሻለ ተማሪም አንድ ሽልማት ይኑር። በቴሌግራም ግሩፓችን የጂፒኤ ፎቶ መለጠፍ ይቅር። ሲኒየሮች በየዲፓርትመንታችሁ ለፍሬሾች የጥናት ሐለቃ ክፈቱ፤ ከዐስር እስከ መግሪብ ያለችው ጊዜ ብዙ ትሠራለች። ግሬድ በሚለቀቅበት ሳምንት ደግሞ ከደርስ የቀረውን ወንድም፣ ከጓደኞቿ የራቀችውን እህት ዶርም ድረስ ሄደን እንጠይቅ።

ያ ወንድማችን አልሄደም፤ አልሐምዱሊላህ። አንድ ሲኒየር የዲፓርትመንቱን የክፍል አማካይ አስልቶ አሳየው፤ 2.9 ከአማካዩ በላይ ነበረች። አባቱም በስልክ በእህል ቋንቋ ሲነገራቸው ወዲያው ገባቸው። «ለካስ ቁናው ሌላ ኖሯል» አሉ።

አባቶቻችን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ። ሰው በሰጠን ቁናም ብንሰፈር፣ በመጨረሻ የምንቆመው የጎደለም የተቆለለም በማይሰፈርበት ሚዛን ፊት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) የሚጠቅም ዒልም፣ ሐላል ውጤትና ፍትሐዊ ሰፋሪ ይወፍቀን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።